ቶሎ የተመለሰ ጥያቄ

ሌር ቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ክራቫቱን ለአራተኛ ጊዜ ፈታ። ቨርና ሃውገን በትንሿ መስታወት አየችውና ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። በቆሎው ታጭዶ አልቋል፤ በግራና በቀኝ የአገዳ ጉቶ ብቻ ቀርቷል፤ የመፀው ነፋስ ከሜዳው ያነሳውን አቧራ እያመጣ የመኪናዋን መስኮት ይደበድባል። ሚኒያፖሊስ ለመድረስ ገና ሁለት ሰዓት ያህል ይቀራቸዋል።

ከቨርና አጠገብ የሌር ቱ ልጅ ፖ ዋ ተቀምጣለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ መንፈቅ ቀርቷታል፤ ለዛሬው ቀን ስትል ከሆስፒታል ልምምዷ ፈቃድ ጠይቃ ቀርታለች። የጭንቀት ዝምታ ስለማይሆንላት ከተነሱ ጀምሮ አፏ አላረፈም።

«ትራሙ፣ እንደዚህ ከነዳን አባዬ ዜግነቱን ሳይሆን ጡረታውን ነው ሄዶ የሚቀበለው።»

«የፍጥነት ወሰኑ ሃምሳ አምስት ነው» አለች ቨርና።

«እሺ ይሁን፤ እርስዎ ግን አርባ ሰባት ላይ ነዎት።»

በዚህ መካከል ወደ ማረጃ ቤት የሚጓዝ የተርኪ ዶሮ የጫነ ረጅም የጭነት መኪና ላባ እያበነነ አለፋቸው። ሌር ቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በእንዲህ ያለ ማረጃ ቤት ቢላዋ ይዞ የቆመ ሰው ነው። ከኋላ ሆኖ ቀስ ብሎ፣ «ተርኪዎቹም ቀደሙን፤ እነርሱ እንኳን ወዴት እንደሚቸኩሉ አያውቁም» አለ።

ልጁ ሳቀች። ቨርና አልሳቀችም። በሌላ ቀን ቢሆን እርሷም በጥቂቱ ፈገግ ትል ነበር፤ ዛሬ ግን የሰውዬው ቀልድ ራሱ እንደ ወቀሳ ተሰማት፤ ሊያጽናና የሚገባው ማን፣ የሚያጽናናው ማን ሆኖ ተገኘ?

«ትራሙ» በካረኖች ቋንቋ መምህርት ማለት ነው። ጦርነት ከበርማ ተራሮች ያፈናቀላቸው ካረኖች ወደዚያች የሜዳ ከተማ መምጣት ሲጀምሩ ቨርና ጡረታ ወጥታ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰዋስው ስታስተምር የኖረች ሴት ቤት መዋል አልቻለችም፤ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ ከሌሊት ፈረቃ የሚወጡትን ሠራተኞች ያለ ክፍያ ማስተማር ጀመረች። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የሚቀርቡትን የምታሰናዳው እርሷ ናት፤ ሠላሳ ስምንት ሰው አሰናድታ ሠላሳ ስምንቱም ምለው፣ ዜጋ ሆነው ተመልሰዋል። ፎቶግራፋቸው በምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ በተርታ ተለጥፏል። ሠላሳ ዘጠነኛው ሌር ቱ መሆን ነበረበት።

ባለፈው ሚያዝያ ቀርቦ የእንግሊዝኛውንም የታሪኩንም ፈተና ያለ አንዳች ስሕተት አለፈ። ከሁለት ወር በኋላ የደረሰው ደብዳቤ ግን ቨርና ሦስት ጊዜ ያነበበችው ነው። አመልካቹ በመሐላ ሥር ሳለ ሐሰት ተናግሯልና ጥያቄው ውድቅ ሆኗል ይላል። «ሕግ አስከባሪ አስሮህ፣ ከስሶህ ወይም የቅጣት ወረቀት ሰጥቶህ ያውቃል?» ተብሎ ሲጠየቅ «በጭራሽ» ብሏል፤ መዝገቡ ግን ከአራት ዓመት በፊት፣ በሐይቅ ዳር፣ ከተፈቀደው ቍጥር በላይ ዓሣ አጥምዶ በመገኘቱ መቀጣቱን ያሳያል። ዓሣው ከዜግነት የሚከለክል ነገር አልነበረም። «አዎ፣ አንድ ጊዜ ዓሣ አብዝቼ» ቢል ኖሮ ጠያቂው ምናልባት ፈገግ ብሎ ያልፈው ነበር። የከለከለው «በጭራሽ» ነው።

ለዚህም ይግባኝ ጠይቆ ዛሬ እንደ ገና እንዲሰማ ቀጠሮ ተሰጥቶታል። ውሳኔው ከጸና ሐሰቱ ከተነገረበት ቀን አንስቶ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ሌር ቱ መጠበቅ የማይችል ሰው አይደለም፤ ሕይወቱን ሙሉ የሠራው ይህንኑ ነው። መጠበቅ የማትችለው እናቱ ናት። በታይላንድ ድንበር ባለው የስደተኞች ሠፈር፣ በቀርከሃ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ ሰማንያ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ልጇ ሊያስመጣት የሚችለው ደግሞ ዜጋ ሲሆን ብቻ ነው።

ቨርና የተጠራችው ስለ ጠባዩ ልትመሰክር ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይኸው ብቻ ነበር።

በኢሚግሬሽን ቢሮው መጠበቂያ አዳራሽ ወንበሮቹ ከግድግዳው ጋር በብሎን የተያያዙ ናቸው። ሌር ቱ ኮቱን አውልቆ፣ አጥፎ፣ አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠና እጆቹን በጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የሁለቱ ጣቶቹ ጫፍ ከቢላዋ ብዛት ደንድኗል። ፖ ዋ ዙሪያዋን ተመልክታ ወደ ቨርና ጠጋ አለች።

«አንድ ነገር ልለምንዎት። ጥያቄው አልገባውም ነበር ይበሉ።»

«ገብቶት ነበር። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ያውቃል ትራሙ? ሰው ሳይገባው ‹የለም› ይላል። በየቀኑ አያለሁ እኮ። ‹ያምዎታል?› እንላለን፤ ‹የለም› ይላሉ፤ እግራቸው ተሰብሮ።»

«የገባኝን አልገባኝም አልልም» አለ አባትየው፤ ቀና ሳይል። «ፈተናውን እኮ አልፌያለሁ። አልገባኝም ካልኩ ፈተናውንም ሰርቄያለሁ ማለት ነው። ረሳሁት ነው የምለው።»

ልጁ ዞር ብላ አየችው። «ረስተኸው ነበር?»

«ረስቼው ነበር።»

«ይኸው በቃ። ይኸን ከመጀመሪያው ብትለኝ ምን ነበረበት? ሰው ይረሳል። አራት ዓመት ሙሉ ዓሣ ማን ያስታውሳል?» ፖ ዋ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ፊቷም ፈታ አለ። የመኪና ማቆሚያውን ሰዓት ለማደስ ቁልፉን ከቨርና ተቀብላ፣ «ቡና ይዤላችሁ እመጣለሁ፤ የማሽኑ ነው፣ ጣዕም እንዳትጠብቁ» ብላ ወጣች።

ቨርና የአዳራሹ በር እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ሌር ቱ፣ አንተ አልረሳህም።»

«ትራሙ፣ እርስዎ ስለ ጠባዬ ይናገሩ። ይሠራል፣ አይሰክርም፣ በሰዓቱ ይመጣል ይበሉ። የቀረውን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«ያን ዕለት የሆነውን እኔም አውቀዋለሁ።»

«የትኛውን ዕለት እንደሚሉ አላውቅም» አለ ሌር ቱ፤ ድምፁ የታመመን ሰው የሚያስተኛ ሰው ድምፅ ነበር።

ቨርና ከዚህ በላይ ልትገፋው አልቻለችም። በካረኖች ዘንድ መምህር ከወላጅ እኩል ነው። የመምህርን ጥፋት በባለ ሥልጣን ፊት መናገር የአባትን ራቁት እንደ መግለጥ ይቆጠራል። ሌር ቱ በሚያዝያ ወር «ለምን በጭራሽ አልክ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ የሚናገረው ስም እንደነበረው፣ እንዳልተናገረውም፣ ዛሬም እንደማይናገረው ያወቀችው በዚህች ደቂቃ ነው። «ረሳሁ» የሚለው ቃል ለእርሱ መሸሸጊያ ብቻ አልነበረም። እርሷንም የሚሸሽግ ነበር።

የቅጣቱን ወረቀት መጀመሪያ ያነበበችለት ራሷ ነበረች። ብጫ ወረቀት ነበር። ከክፍል በኋላ በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላት። ባደገበት ወንዝ ዳር ዓሣ የሚቈጥር ሰው አልነበረም፤ የሚቈጠረው የሚበላው ሰው ነበር። ቨርና መነጽሯን አድርጋ አነበበችና፣ «ይህ ምንም አይደለም፤ ክፈልና እርሳው» አለችው። ከፈለ። እንዲረሳው የታዘዘውን ግን አልረሳውም፤ ከመንግሥት የመጣ ወረቀት እንደ እርሱ ላለ ሰው ምንም የማይሆንበት አገር ኖሮ አያውቅምና።

ከዚያ ደግሞ ከቃለ መጠይቁ በፊት የነበረው ያ የካቲት መጣ።

ቨርና በሰዋስው ውስጥ ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው የቅርብ ኃላፊ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ጊዜ ነበር። ተራው ኃላፊ ቀን ይጠይቃል፤ ቀኑ ከተነገረ በኋላ ነገሩን እንደ ሣጥን ይዘጋዋል። የቅርብ ኃላፊ ግን መቼ ብሎ አይጠይቅም። ሰው ከተወለደባት ሰዓት አንስቶ እስከዚህች ደቂቃ ያለውን ዘመን ሁሉ አንድ ሜዳ ያደርግና፣ «በዚህ ሜዳ ላይ ይህ ነገር ተገኝቶ ያውቃል?» ይላል። ለተማሪዎቿ ይህን ስትነግር ድምፅዋ ይለሰልስ ነበር። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃላት በካርቶን ላይ ጽፋ ለየሰዉ ታድልና በረድፍ ታቆማቸዋለች። በጥያቄ ጊዜ «ከቶ» የተሰጠው በባለቤቱና በግሡ መካከል ይገባል፤ በመልስ ጊዜ «በጭራሽ» የተሰጠው ከረዳት ግሡ ቀጥሎ ይቆማል፤ «እስካሁን» ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ሰዎቹ እየተጋፉ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተሳሳቁ ቦታ ይለዋወጣሉ። ካርመሊና የምትባለው የጓቲማላ ሴት አንድ ቀን ካርቶኗን ከፍ አድርጋ፣ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ ‹በጭራሽ›ን ለእኔ የሚሰጡኝ? ባሌ ነግሮዎት ነው?» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፍርሳው ነበር።

የዜግነቱ ቅጽ በዚህ ጊዜ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ከሠላሳ በላይ አሉበት። ስለ እስር፣ ስለ ጦር መሣሪያ፣ ስለ ሐሰት፣ ስለ ግድያ ሳይቀር ይጠይቃል፤ ሁሉም «ከቶ» አለባቸው። ቨርና ለዚህ የራሷ ዘዴ ነበራት። አመልካቹን ከፊቷ ታስቀምጠውና በእርሳስ ጠረጴዛውን እየመታች ጥያቄዎቹን ታዘንብበታለች፤ አንዱ ምት ለጥያቄው ነው፣ አንዱ ለመልሱ። ተማሪው ጥያቄው በሚያልቅበት ቅጽበት «የለም፣ በጭራሽ» ብሎ ከነረዳት ግሡ መመለስ አለበት። የቀሩት ይመለከታሉ፤ ሳይደናቀፍ የጨረሰ ይጨበጨብለታል። «ማመንታት የሐሰት ታናሽ ወንድም ነው» ትላቸው ነበር። «ጠያቂው ስታመነቱ ካየ የምትደብቁት አለ ብሎ ያስባል።» ሰዋስው ነበር የምታስተምረው። ቃለ መሐላ እያስተማረች መሆኗን አላሰበችበትም፤ ወይም እንዲህ ነበር ለራሷ ስትል የቆየችው።

ሌር ቱ በየካቲት ሁለተኛው ሐሙስ ተቀመጠ። ከሁሉ ፈጣን ነበር። አስራ ስምንት ጥያቄ ያለ አንዳች እንከን መለሰ። አስራ ዘጠነኛው መጣ፤ ታስረህ፣ ተከሰህ፣ የቅጣት ወረቀት ተሰጥቶህ ታውቃለህ? ያን ጊዜ ሌር ቱ ዝም አለ። አፉን ከፍቶ ዝም አለ፤ ዓይኑንም አንሥቶ አያት። ያ ዕይታ ጥያቄ ነበር። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከልምምድ ውጭ እርሷን ጠይቋት የማያውቅ ሰው፣ ያቺን አንዲት ጥያቄ ያለ ቃል ጠየቃት።

ቨርናም ብጫውን ወረቀት አየችው። በልቧ ውስጥ፣ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ፣ ከነጽሑፉ አየችው። ከዚያ ምን አሰበች? ይህን ከሰኔ ጀምሮ በየሌቱ ስትመረምረው ቆይታለች። ዓሣ ነው ብላ አሰበች። ልምምዱ አምሮለታልና አይበላሽ ብላ አሰበች። ከኋላ የቆሙት ሰባት ተማሪዎች እየተመለከቱ ነው ብላ አሰበች። ሦስቱም ሐሳብ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጡም። እርሳሱንም አንሥታ ጠረጴዛውን መታች።

«የለም» አለ ሌር ቱ፤ «በጭራሽ።»

«ጎበዝ» አለችው።

«ሚስተር ሌር ቱ።»

ከአዳራሹ በር ላይ ሆና የጠራችው ሹም ቨርና ያሰበቻት ዓይነት አልነበረችም። አርባ ዓመት ያልሞላት፣ መነጽሯን በፀጉሯ ላይ የሰቀለች፣ ስሟ በደረቷ ላይ «ብሬነር» ተብሎ የተጻፈ ሴት ናት። ሌር ቱ ተነሥቶ፣ ክራቫቱን ዳብሶ፣ ኮቱን በወንበሩ ላይ ትቶ ተከተላት።

ቨርና ብቻዋን ቀረች። አእምሮዋ ሳይጠየቅ ምክንያት ያቀርብላት ጀመር። «ረሳሁ» ማለት ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ የረሳ ሰው አልዋሸም። አንቺ ዝም ብትይ ሰውዬው ይድናል፤ እናቱም ትመጣለች። ብትናገሪ ግን አስታውሶ እንደዋሸ ትመሰክሪበታለሽ፤ በአፍሽ አምስት ዓመት ታስፈርጂበታለሽ። ሠላሳ ስምንቱስ? ነገ ደግሞ «እነዚህ ሁሉ በዚህች ሴት ሥር የተለማመዱ ናቸው» ተብሎ መዝገባቸው ቢገለጥስ? ምክንያቶቹ ሁሉ መልካም ነበሩ፤ ስለ ሰው የተቈረቈሩ፣ አንዱም ስለ ራሷ የማይናገር። ይህ ነበር ያስፈራት። በዕድሜዋ ሙሉ በተማሪዎቿ ድርሰት ላይ በቀይ ቀለም የምታሠምርበት ነገር ቢኖር ራሱን ከባለቤትነት ያወጣ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ብርጭቆው ተሰበረ» የሚል፤ ማን እንደሰበረው የማይል።

በሌላ በኩል መናገር የምትፈልገው ለእርሱ ነው ወይስ ሸክሟን ለማራገፍ? ንስሐ በሌላ ሰው ኪሳራ አይገባም። ይህንም ታውቃለች። ሆኖም ሰውዬው በዚህ ሰዓት ከዚያ በር በስተጀርባ ስለ እርሷ ሲል እንደ ገና እጁን አንሥቶ እየማለ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸው በማጣደፏ ነበር፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚዋሸው ግን እያወቀች ነው።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሩ ተከፈተ። ሌር ቱ ወጣ፤ ሹሟ ከኋላው ቆማ ነበር። ሲተላለፉ አንገቱን ዝቅ አደረገላት፤ በክፍል በር ሲገናኙ እንደሚያደርገው።

ቨርና ገብታ ማለች፤ ተቀመጠች። ስለ ሥራው ተጠየቀች፤ መለሰች። ስለ ቤተሰቡ ተጠየቀች፤ መለሰች። ሹሟ እየጻፈች፣ ሳትቸኩል፣ «ይህን የዓሣ ቅጣት ከቃለ መጠይቁ በፊት ነግሮዎት ያውቃል?» አለቻት።

«አዎ። ከአራት ዓመት በፊት። ወረቀቱን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ምንም አይደለም፣ እርሳው አልኩት።»

ሹሟ ጻፈች። ቨርና የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ከ«ረሳሁ»ም ጋር አይጋጭም። መምህርቱ እርሳው አለችው፤ እርሱም ረሳው። እዚህ ላይ ቢቆም ሁለቱም ድነው ይወጣሉ። ግማሽ እውነት ይህን ያህል ለስላሳ ወንበር እንደሆነ አስቀድማ አታውቅም ነበር።

«ሌላ የሚጨምሩት ነገር አለ?»

ከውጭ የአንድ ሕፃን ሳል ተሰማ።

«አለ» አለች ቨርና።

ነገረቻት። ስለ እርሳሱ፣ ስለ ሠላሳዎቹ ጥያቄዎች፣ ማመንታትን እንዴት እንደነቀፈች፣ ሌር ቱ በየካቲት ወር እንዴት ዝም ብሎ እንዳያት ነገረቻት። ድምፅዋ የክፍል ድምፅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ አልነበራትም። ሹሟ መጻፏን አቆመች፤ መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«አስታውሶ ነበር ነው የሚሉኝ?»

«አስታውሶ ነበር። እኔም አስታውሼ ነበር። እርሱ ልክ መሆኑን ሊጠይቀኝ ቆመ፤ እኔ አጣደፍኩት። ሚያዝያ ላይ የመለሰው የእኔን መልስ ነው።»

«ይህ የሚጠቅመው ይመስልዎታል?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ይነግሩኛል?»

ቨርና ቦርሳዋን በጭኗ ላይ አስተካከለች። «በሌላ ሰው ላይ የማይናገር ሰው ስለሆነ ነው» አለች። «የእኔን ድርሻ እርሱ ይዞት እንዲሄድ አልፈልግም።»

ሹሟ መዝገቡን ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። እዚያ ምን እንደተጻፈ ፊቷ አልተናገረም። «እንደ ገና አስገባዋለሁ። ዐሥር ደቂቃ ይስጡኝ» አለች።

ቨርና ስትወጣ ሌር ቱ ተነሥቶ ቆመ።

«ምን አሉ፣ ትራሙ?»

«ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ማለትህንም፣ ማጣደፌንም።»

 ሰውዬው ሒሳብ የሚያሰላ በሚመስል ቃና፣ ያለ ቁጣ፣ «እኔ ረሳሁ ብያታለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «ምዬ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሌር ቱ።»

«አሁን ስትጠራኝ ምን ልበላት?»

መልሱ በቨርና ምላስ ላይ ተሰናድቶ ነበር፤ ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይመጣል። ዋጠችው። አንዲት ነገር ብቻ ቀረቻት፤ እርሷንም ለማንም ተማሪ ብላ የማታውቃት ናት። «ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። «ምን ማለት እንዳለብህ ግን አልነግርህም።»

ሌር ቱ የመምህር ይቅርታ ምን እንደሚደረግበት የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ወደ መሬቱ ተመለከተ፤ ከዚያ ተቀመጠ። እርሷ ቆማ እርሱ ተቀምጦ ታይቶ አያውቅም፤ በቤተ መጻሕፍቱም ሆነ በገበያ፣ እርሷ ሳትቀመጥ ጉልበቱ አይታጠፍም ነበር። ቨርና ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ተቀጣ ተማሪ በፊቱ ቆመች፤ መቆሟም ተገቢ መስሎ ታያት።

ከቆይታ በኋላ ሌር ቱ እጁን ሰድዶ ኮቱን ከአጠገቡ ወንበር አነሣውና በጭኑ ላይ አደረገው። ቦታውን ያስለቀቀው ለእርሷ ይሁን፣ በመተላለፊያው መጨረሻ ሦስት የወረቀት ስኒ በጣቶቿ ጠርንፋ እየመጣች ላለችው ልጁ ይሁን፣ አልታወቀም። ቨርና ከወንበሩ ጠርዝ ላይ በጥቂቱ ተቀመጠች። አላያትም፤ አልራቃትምም።

«ምነው ሁለታችሁም እንዲህ ሆናችሁ?» አለች ፖ ዋ፤ ስኒዎቹን እንደያዘች። «ተጠናቀቀ? ምን አሉ?»

በሩ ተከፈተ። ሌር ቱ ኮቱን ለብሶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ፤ ወደ ውስጥም ገባ። በሩ ከመቃኑ ሳይገጥም፣ የጣት ውፍረት ያህል ክፍት ቀረ። በዚያች ስንጥቅ የሹሟ ድምፅ ወጣ፤ ጥያቄው አጭር ነበር፣ ቃላቱ ግን አልተለዩም።

ቨርና ጆሮዋን አቀናች። ፖ ዋም ወደ ስንጥቋ ተመለከተች። ቡናው በስኒዎቹ ውስጥ እየበረደ ሄደ፤ ከውስጥ መልስ ገና አልተሰማም፤ ጠረጴዛ የሚመታ እርሳስም አልነበረም።